በሐሰተኛ ሚዛን ከብዶ ስለ መገኘት

በቅርቡ ባደረግነው አንድ የውይይት ምሽት፣ ወደዚህ አገር ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወንድማችን አንድ ጥያቄ አቀረበ። ለትምህርት ሲመዘገብ የተሰጠው ቅጽ ዘሩን እንዲያመለክት ይጠይቀዋል፤ ከተደረደሩት ትንንሽ ሣጥኖች በየትኛው ላይ ምልክት ማድረግ እንዳለበት ግን አላወቀም። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ታላቃችን፣ ‹‹አትቸገር ልጄ፤ እኛ ጥቁሮች አይደለንም፤ የፈረንጅ ሊቃውንት ራሳቸው ከካውካሳዊው ወገን ቆጥረውናል›› ብለው መለሱለት። አዳራሹ ሣቀ። ሣቁ የተቃውሞ ሣቅ አልነበረም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከሣቅነው መካከል ብዙዎቻችን ነገሩ ደስ ብሎን ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ ደስታችን ነው። ሚዛኑ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ፣ በዚያ ሚዛን ላይ ከብዶ በመገኘቱ የሚደሰት ሰው በደል ይፈጽማልን? ከፈጸመስ በማን ላይ ነው? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ሚዛኑ እንዴት እንደተሠራና እነማን እንደሠሩት ማወቅ ግድ ይላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የስዊድኑ የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1735 ዕፅዋትንና እንስሳትን በየወገናቸው ሲመድብ፣ ሰውንም ከእንስሳት መካከል አስገብቶ አውሮፓዊ፣ አሜሪካዊ፣ እስያዊና አፍሪካዊ ብሎ በአራት ከፈለው። ሰውን ከጦጣና ከዝንጀሮ ጎን ማሰለፍ በዚያ ዘመን ታላቅ ድፍረት ነበር። በ1758 በወጣው አሥረኛ እትም ግን ከቆዳ ቀለም አጠገብ ጠባይን ጨመረበት። አውሮፓዊው በሕግ፣ እስያዊው በአስተያየት፣ አሜሪካዊው በልማድ፣ አፍሪካዊው በዘፈቀደ ይተዳደራል ሲል ጻፈ። የቆዳን ቀለም በዓይን ማየት ይቻላል፤ ‹‹በዘፈቀደ መተዳደርን›› ግን በዓይኑ አይቶ የመዘገበ ማንም የለም። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ሲጻፉ፣ አንባቢው ሁለተኛውንም እንደ መጀመሪያው የታየ ነገር አድርጎ ይቀበለዋል። በኋላ ዘመን በብዙ ጥራዝ የተጻፈው ስሕተት በዚያች አጭር መስመር ውስጥ አስቀድሞ ተዘርቶ ነበር ብንል አላጋነንም።

ከእርሱ ቀጥሎ የተነሣው የጌቲንገኑ ሊቅ ዮሐን ፍሪድሪኽ ብሉመንባኽ በ1775 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ልጅ በአራት ከፍሎ ከጀመረ በኋላ ቁጥሩን ወደ አምስት ከፍ አደረገ፤ በ1795 በወጣው ሦስተኛ እትምም ካውካሳዊ፣ ሞንጎላዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ አሜሪካዊና ማላያዊ በሚሉ ስሞች አጸናቸው። ‹‹ካውካሳዊ›› የሚለውን ስም የመረጠበት አንዱ ምክንያት፣ ከሰበሰባቸው የራስ ቅሎች ሁሉ ከጆርጂያ የመጣው የአንዲት ሴት ራስ ቅል እጅግ ውብ ሆኖ ስለታየው ነበር። ይህች ሴት በጦርነት ተማርካ ወደ ሞስኮ የተወሰደችና በዚያው የሞተች ናት። እንግዲህ እስከ ዛሬ ድረስ በየቅጹና በየሐኪሙ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ስም መነሻው የአንዲት ምርኮኛ አፅምና የአንድ ሊቅ የውበት ስሜት ነው። ‹‹ኢትዮጵያዊ›› የሚለው ደግሞ ከጥንት ግሪኮች አጠራር ተወስዶ ለአፍሪካ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የተሰጠ ስም ነበር። ወደ ኋላ እንመለስበታለንና አንባቢ ይህን ስም በልቡ ይያዝልን።

በብሉመንባኽ ላይ ፍርድ ለመስጠት መቸኮል አይገባም። የሰው ዘር አንድ ነው፤ በወገንና በወገን መካከል ያለው ልዩነት ቀስ በቀስ የሚቀላለጥ እንጂ ወሰን የተሰመረለት አይደለም እያለ ደጋግሞ ጽፏል። አፍሪካውያን የጻፏቸውን መጻሕፍት እየሰበሰበ በቤቱ ያኖር ነበር። የፊትን ዘንበል ማለት በማዕዘን መለካት የጀመረው የሆላንዱ ፔትሩስ ካምፐርም እንዲሁ ሰው ሁሉ ከአንድ አባት መወለዱን የሚያምን ሰው ነበር። ነገር ግን የካምፐር ሥዕሎች ከሞቱ በኋላ በ1791 ታትመው ሲወጡ፣ ጦጣው በ42 ዲግሪ፣ ኦራንጉታን በ58፣ አፍሪካዊው በ70፣ አውሮፓዊው በ80፣ የግሪክ ሐውልት በ100 በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ለሚያያቸው ዓይን መሰላል መስለው ታዩ። ሠሪዎቹ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። እነርሱ አልፈው መሰላሉ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በስፋት የሙያ ሥራ ሆነ። ስዊድናዊው አንደርስ ሬትሲዩስ በ1840ዎቹ የራስን ወርድ ለርዝመቱ አካፍሎ ረጅምና አጭር ራስ የሚል ክፍፍል አወጣ፤ በፓሪስ ፖል ብሮካ በ1859 የአንትሮፖሎጂ ማኅበር መሠረተ፤ የአፍንጫ፣ የመንጋጋ፣ የክንድ መለኪያ መሣሪያው ሁሉ ተበራከተ። ይህን ሁሉ መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ይሆናል። አንድ ታሪክ ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ እርሱም በእህል ዘር ራስ ቅል የሰፈሩት የሁለት ሰዎች ታሪክ ነው።

የሃይደልበርጉ ሐኪም ፍሪድሪኽ ቲድማን የራስ ቅሎችን በደቃቅ እህል እየሞላ መጠናቸውን መዝኖ፣ ውጤቱን በ1836 ለለንደን የንጉሣዊ ማኅበር መጽሔት አቀረበ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የፊላዴልፊያው ሐኪም ሳሙኤል ጆርጅ ሞርተን ነጭ የሰናፍጭ ዘር እየሞላ የለካበትን መጽሐፍ አሳተመ። ሞርተን በዘር የሰፈረው ውጤት እንደሚዋዥቅ በመረዳቱ በኋላ የእርሳስ እንክብል መጠቀም ጀመረ፤ በሥራው ጥንቁቅ ሰው ነበር። በ1839 ባወጣው ሰንጠረዥ ላይ የካውካሳዊው አማካይ 87 ኪዩቢክ ኢንች፣ የሞንጎላዊው 83፣ የአሜሪካዊው 82፣ የማላያዊው 81፣ ‹‹የኢትዮጵያዊው›› 78 ተብሎ ተጽፏል። በአገራችን ስም የተጠሩት ራስ ቅሎች 29 ናቸው፤ ከረድፉም መጨረሻ ላይ ይገኛሉ።

ቲድማን ሲለካ የተመለከተው ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ስፋት ነበር። ከየወገኑ ትናንሽም ትላልቅም ራሶች እንደሚገኙና አንዱ ወገን በሌላው ላይ ተደራርቦ እንደሚውል አይቶ፣ በአፍሪካዊና በአውሮፓዊ አንጎል መካከል ይህን ያህል የሚባል ልዩነት የለም ሲል ደመደመ፤ ባርነትንም በዚሁ ምክንያት ተቃወመ። ሞርተን ግን የተመለከተው አማካዩን ነበር። በራሱ ሰንጠረዥ ላይ ከ‹‹ኢትዮጵያውያኑ›› ትልቁ 94፣ ከካውካሳውያኑ ትንሹ 75 መሆኑን በገዛ እጁ ጽፏል። ቁጥሩ ከፊቱ ነበር፤ ጥያቄው ግን ‹‹ማን ይበልጣል?›› የሚል ስለነበር መልሱን የሰጠው አማካዩ ነው። ሞርተን በ1851 ሲሞት በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ በቻርልስተን የሚታተም አንድ የሕክምና መጽሔት፣ ለጥቁሩ ሰው ዝቅተኛ ቦታውን በመስጠት ለደቡብ ሰዎች ባለውለታ ነው በማለት አመሰገነው። ቻርልስተን የባሪያ ገበያ ከተማ ነበረች።

በዚህ ነገር ላይ እኛም ራሳችን አንድ ስሕተት ሠርተናል፤ ልንናዘዘው ይገባናል። አሜሪካዊው ሊቅ ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1978 ባወጣው ጽሑፍ፣ በ1981 ደግሞ በመጽሐፍ፣ ሞርተን ሳያውቀው ቁጥሮቹን ለአሳቡ እንዲመቹ አድርጓል ሲል ከሰሰው። ይህን እያነበብን ረክተን ነበር፤ ዘረኛው ሰው ቁጥር አጣሞ ተያዘ፣ ነገሩም በዚሁ አለቀ ብለን። በ2011 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ራስ ቅሎቹን እንደገና ለክተው፣ የሞርተን ልኬት በአብዛኛው ትክክል እንደነበረና ይልቁንም የተሳሳተው ጉልድ እንደሆነ ጻፉ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። እንዲህ ያለውን ዜና የሰማ ሰው ‹‹እንግዲያውስ ሞርተን ልክ ነበር ማለት ነውን?›› ብሎ ይደነግጣል። የሚደነግጠው ግን በደሉ በስፍሩ ውስጥ ያለ መስሎት ስለነበረ ነው። ሰናፍጩ በትክክል ተሰፍሮ ሊሆን ይችላል። በደሉ ከስፍሩ በፊት ራሶቹን በአምስት ክምር ከፍሎ ስም በመስጠቱ፣ ከስፍሩም በኋላ የራስ ቅል ጉድጓድ ስፋት የሰው ዋጋ ነው በማለቱ ላይ ነው። በመካከል ያለው ቁጥር ቢጠበቅም ባይጠበቅም ይህን አይለውጠውም። እኛም የሰውን እኩልነት በአንድ የቁጥር ስሕተት ላይ አስደግፈነው እንደነበር ተገንዝበን አፍረናል፤ ያ ድጋፍ በወደቀ ጊዜ እኩልነቱም አብሮ ሊወድቅብን ምን ቀርቶት ነበር?

ብሮካ ደግሞ ከሞርተን ይልቅ ግልጽ የሆነ ነገር አድርጓል። የታችኛው ክንድ ከላይኛው ክንድ ጋር ሲነጻጸር መርዘሙ የዝቅተኝነት ምልክት ነው ብሎ መለካት ጀመረ። ነገር ግን ልኬቱ እርሱ ዝቅተኞች ናቸው የሚላቸውን ኤስኪሞዎችንና የአውስትራሊያ ተወላጆችን ከአውሮፓውያን አልፎ ከፍ ቢያደርግበት ጊዜ መለኪያውን ተወው። ደረጃው አስቀድሞ ታውቋል፤ የሚፈለገው ለደረጃው የሚስማማ መለኪያ ብቻ ነበር።

በዚህ በብሮካ ማኅበር ውስጥ፣ መሥራቹ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1884 አንድ ጥቁር ሰው አባል ሆኖ ገባ። አንቴኖር ፊርሚን ይባላል፤ የሃይቲ ሰው ነው። ዘርህ ያንሳል እየተባለ በሚነገርበት ጉባኤ መካከል ተቀምጦ ማዳመጥ ምን እንደሚመስል ከኛ መካከል የማይገምት ያለ አይመስለንም። ፊርሚን አዳምጦ ዝም አላለም። በ1885 ስለ ሰው ዘሮች እኩልነት ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ፤ የአንትሮፖሎጂስቶቹን ሰንጠረዦች አንድ በአንድ ገልጦ እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ አሳየ። ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው ግን የሠራው ሥራ ሳይሆን ያልሠራው ነው። ‹‹እኛ የሃይቲ ሰዎች ከሌሎቹ ጥቁሮች እንሻላለን›› ብሎ ለራሱ ወገን ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ሊለምን ይችል ነበር። ነጻ አገር፣ ባሪያ አሳዳሪውን በጦር ድል የነሣ ሕዝብ ነበረው፤ ሰበብ አላጣም። አልለመነም። መጽሐፉ ለአንድ ክፍለ ዘመን ያህል ከሞላ ጎደል ተረስቶ ቆየ፤ እርሱም በ1911 ከአገሩ ውጭ በስደት ሞተ።

ሳይንሱ በበኩሉ ራሱን ማረም የጀመረው ዘግይቶ ነው። ፍራንዝ ቦአስ በኒው ዮርክ ወደ 18,000 የሚጠጉ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን አስለክቶ፣ የማይለወጥ የዘር ምልክት ነው የተባለው የራስ ቅርጽ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እንደሚለወጥ በ1911 ጻፈ፤ የለውጡ መጠን ምን ያህል ነው በሚለው ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ክርክር ነበረ። በ1972 ሪቻርድ ሌዎንቲን በሰው ልጆች መካከል ካለው የዘረ መል ልዩነት 85 በመቶ የሚሆነው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል የሚገኝ መሆኑን አሳየ። ሰፊው ልዩነት በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ነው ማለት ነው።

አሁን በይደር ወዳቆየነው ስም እንመለስ። ብሉመንባኽ ጥቁሩን ሕዝብ ሁሉ ‹‹ኢትዮጵያዊ›› ብሎ በሰየመ በመቶ ዓመቱ፣ የስሙ ባለቤቶች ከስሙ እንዲወጡ ተደረገ። የዓድዋ ድል በ1896 በሆነ ጊዜ ጥቁር ሕዝብ የአውሮፓን ሠራዊት ድል ነሣ ብሎ መቀበል ለብዙዎች ስላስቸገረ፣ ኢትዮጵያውያን በእርግጥ ጥቁሮች አይደሉም የሚለው አባባል እየተስፋፋ ሄደ። በ1897፣ ከዓድዋ በዓመቱ፣ ጣልያናዊው አንትሮፖሎጂስት ጁሴፔ ሰርጂ ስለ ካም ነገድ ባወጣው መጽሐፍ የአፍሪካ ቀንድን ሕዝቦች ከሜዲትራኒያን ሕዝቦች ጋር በአንድ ግንድ አዛመዳቸው። በ1930 ደግሞ እንግሊዛዊው ሴሊግማን፣ በአፍሪካ የሚገኘው ሥልጣኔ በአብዛኛው ከውጭ የመጡት ካማውያን ሥራ ነው ብሎ ጻፈ። ያ ታላቃችን በዚያ ምሽት የጠቀሱት ‹‹የሊቃውንት ቃል›› ከዚህ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ታዲያ ይህ ከፍታ ምን ጠቀመን? ሰርጂ የጣልያንን ሕዝብና እኛን በአንድ ግንድ ባዛመደ በአርባ ዓመቱ፣ የፋሺስት መንግሥት በሚያዝያ 1937 ባወጣው ድንጋጌ፣ ከአፍሪካ ግዛት ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ሊዲዮ ቺፕሪያኒ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በወረራው ዓመታት ወደ አገራችን መጣ፤ የአፍሪካውያንን ፊት በጀሶ እየለበጠ ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ነበር። በ1938 የጣልያን የዘር መግለጫ ሲወጣ ከፈራሚዎቹ አንዱ ሆነ። ዘመድ ያደረገን ሳይንስ በመርዝ ጋዝ ፊት አልቆመልንም፤ ሲያስፈልግ ወዲያው ሌላ ገጽ ተገለጠ። አሜሪካዊው ካርልተን ኩንም በ1930ዎቹ መለኪያውን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፤ በ1935 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ ኢትዮጵያን ስለ መለካት ይናገራል። ይኸው ሰው በ1962 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ፣ የሰው ዘሮች ወደ ሙሉ ሰውነት የደረሱት በተለያየ ዘመን ነው ብሎ ስለጻፈ፣ በደቡብ አሜሪካ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩ የሚሉ ሰዎች መከራከሪያ አደረጉት።

እስካሁን ያልነው፣ ምስጋናው ለኛ ምንም እንዳልጠቀመን ነው። ሌላውን ምን ያህል እንደጎዳ ስናይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጆን ሀኒንግ ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የሚገኙት ከብት አርቢ ገዥዎች ከኢትዮጵያ የፈለሱ ናቸው ሲል መላ ምት አቀረበ። ማስረጃው በአብዛኛው መልካቸው ነበር፤ ቁመታቸው፣ አፍንጫቸው። መላ ምቱ በሚሲዮናውያንና በአስተዳዳሪዎች እጅ እውነት ሆነ። የቤልጅግ ቅኝ ገዥዎች ቱትሲውን ካማዊ፣ ለመግዛትም የተፈጠረ አድርገው ሾሙት፤ በ1930ዎቹም ‹‹ሁቱ››፣ ‹‹ቱትሲ››፣ ‹‹ትዋ›› የሚል የመታወቂያ ወረቀት ለእያንዳንዱ ሰው አደሉት። ከሥልሳ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1992፣ አንድ የሩዋንዳ ፖለቲከኛ በአደባባይ ቆሞ ቱትሲዎች አገራቸው ኢትዮጵያ ነው፤ በኛባሮንጎ ወንዝ በአቋራጭ እንመልሳቸዋለን የሚል ንግግር አደረገ። በ1994 ሬሳዎች በዚያ ወንዝ ወርደው፣ በካጌራ በኩል አልፈው፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሱ።

ይህን ወንዝ ስናስብ በአዳራሹ የሣቅነው ሣቅ ጣዕሙ ይለወጥብናል። እኛ ያንን ካርድ አላደልንም፤ ያንን ንግግርም አላደረግንም። ነገር ግን ያ ሐሳብ የቆመው ‹‹ከጥቁሮች ሁሉ የተለየ፣ መልከ ቀና ሕዝብ በኢትዮጵያ አለ›› በሚለው ምስጋና ላይ ነው፤ ምስጋናውንም እኛ ደስ ብሎን ተቀብለን በየቤታችን አኑረነዋል። የማይገባውን ከፍታ የሚቀበል ሰው፣ ሌላው ዝቅ እንዲል በዝምታ ይፈርማል። አንድ ሰው ብቻውን ከፍ የሚልበት መሰላል የለምና።

እዚህ ላይ ወገን ሊቆጣን ይችላል፤ ሆኖም መባል ያለበት ይባል። መሰላሉን ፈረንጅ ብቻ አላመጣብንም። ካምፐር ማዕዘኑን ከመሳሉ በፊት እኛ የራሳችን መለኪያ ነበረን። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰውን በደረጃ እንጠራለን፤ አፍንጫው ሰልካካ ነው ብለን እናመሰግናለን፤ ለልጃችን ስናጭ አጥንት እንቆጥራለን። በምዕራብ ቆላ የሚኖሩ ወገኖቻችንን የምንጠራበትን የስድብ ስም እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአገራችን ባርነት ሕጋዊ መሠረቱን ሙሉ በሙሉ ያጣው በ1942 በወጣው አዋጅ ነው። ብሉመንባኽ ለካ፣ ሞርተን ሰፈረ፤ እኛ ግን ሳንለካም ሳንሰፍርም በዓይን ብቻ እንመድብ ነበር። ምናልባት የፈረንጁ ምደባ እንዲያ በቀላሉ የጣመን በቤታችን ያገኘው ቦታ ተዘጋጅቶ ስለ ቆየው ይሆናል።

አንድ ወዳጃችን የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አንብቦ፣ ‹‹እንግዲያው በዚህ አገር ቅጹን ሳይሞሉ መቅረት ይሻላል ማለታችሁ ነውን?›› ሲል ጠየቀን። አይደለም። የዘር ምድብ በተፈጥሮ ውስጥ አለመኖሩና በኅብረተሰብ ውስጥ መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፖሊስ መኪና ሲያስቆም የሞርተንን ሰንጠረዥ አይገልጥም፤ ግን ማንን እንደሚያስቆም ያውቃል። ሣጥኑ የደረሰውን በደል ለመቁጠርም ያገለግላልና፣ ‹‹ጥቁር›› በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ የብሉመንባኽን ምደባ ማመን ሳይሆን በዚያ ምደባ ሳቢያ ከተገፉት ጋር መቆጠር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሣጥን ለመሸሽ ‹‹እኛ ሌሎች ነን›› ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሞርተን የሰበሰባቸው ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑ ራስ ቅሎች በፊላዴልፊያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ለብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ከመካከላቸው በኩባ በባርነት የሞቱ አፍሪካውያን ይገኙባቸዋል። በ2021 ቤተ መዘክሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይም የ19 ጥቁር የፊላዴልፊያ ነዋሪዎች ራስ ቅሎች ከመደርደሪያ ወርደው በመቃብር ቦታ ዐረፉ። የአብዛኞቹ ስም አይታወቅም።

በተከታዩ ስብሰባችን ይህን ሁሉ ለጉባኤው አቀረብን። እኚያ ታላቃችን ራሳቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ ስናበቃ ተነሥተው መከራከር ትተው ስለ ልጅነታቸው ይነግሩን ጀመር። በአባታቸው ግቢ ያሳደገቻቸው፣ አዝላ ያሳለፈቻቸው፣ በታመሙ ጊዜ አጠገባቸው ያደረች አንዲት ሴት ነበረች፤ የቤት ውልድ ናት ይሏታል። የምትጠራው በቆዳዋ ቀለም በወጣላት ቅጽል ነበር። ‹‹እናቴ ስትሞት ካለቀሰችው በላይ ለርሷ አለቀስሁ›› አሉን። ‹‹ስሟን ግን አላውቅም፤ የአባቷንም አላውቅም። ጠይቄ አላውቅማ።›› ከዚያም ተቀመጡ። ያ ወጣት ወንድማችን ቅጹን ሞልቶ ከመለሰ ሳምንት እንዳለፈው የነገረን ወደ ቤት ስንሄድ በመንገድ ላይ ነው።